ሁለት ድልድይ፣ ሦስት ባለቤት፦ አሳቲግ ደሴት ስትሄዱ የቱን ትመርጣላችሁ?

አንድ ወዳጄ ባለፈው ሰመር ቤተሰቡን ጭኖ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሳቲግ ደሴት ወረደ። ልጆቹ ኋላ፣ ውሻው መሐላቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነድቶ በር ላይ ሲደርስ "ውሻ አይገባም" ተባለ። "ከመኪና አይወርድም፣ መስኮት እከፍትለታለሁ" ብሎ ለመነ። መኪና ውስጥም ቢሆን አይቻልም። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ሕጉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ውሻ የሚፈቀደው በሜሪላንድ በኩል ሲሆን እሱ የሄደው በቨርጂኒያ በኩል ነው። አንዱ በር ከሌላው በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃል። ደሴቲቱ ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ የለም። ወደ ዋናው መሬት ተመልሶ መዞር ነው። ልጆቹ በዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንዳለቀሱ አልነግራችሁም።

ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወደ አሳቲግ የሚወርዱ ብዙ ሐበሾች "ፈረሶቹ ያሉበት ደሴት" ብቻ ብለው ነው የሚነሱት። ጂፒኤስ ላይ ስሙን ይጽፋሉ፣ የመጣውን ይነካሉ፣ ይነዳሉ።

አሳቲግ በአትላንቲክ ዳር የተዘረጋች፣ 37 ማይል ርዝመት ያላት ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። ሰሜኑና ትልቁ ክፍል የሜሪላንድ፣ ደቡቡ የቨርጂኒያ ነው። መሬቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሕዝብ ነው፤ አስተዳዳሪው ግን ሦስት ነው። አንዱ የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ። ሦስተኛው የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱ የሚያስተዳድረው ሺንኮቲግ የሚባለውን የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። የሦስቱም ሕግ፣ ክፍያና ሽንት ቤት ይለያያል።

መሬቱ የሕዝብ ሆኖ የቀረው በማዕበል ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ የሜሪላንዱ ክፍል ተሸንሽኖ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች የዕረፍት ቤት መሥሪያ ተብሎ ይቸበቸብ ነበር። አስፋልትም ተነጥፎለት ነበር። በማርች 1962 የመጣው ማዕበል መንገዱንም ቤቱንም ጠራርጎ ወሰደው። በ1965 ኮንግረስ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ብሎ ከለለው። በሜሪላንድ በኩል የአሸዋ ክምሮቹን በሚያሳየው አጭር የእግር መንገድ ላይ የዚያ አስፋልት ስብርባሪ አሁንም ይታያል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሰው የጣለው ቆሻሻ መስሎኝ ነበር።

በምን እንመዝን?

ሰው አሳቲግን የሚመርጠው በፈረሶቹ ነው። ፈረስ ደግሞ በሦስቱም ጋ አለ። ስለዚህ ፈረስ ለመምረጥ አይረዳም። የሚረዳው ፈረሱን ምን ያህል ቀርባችሁ ታያላችሁ የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ግን አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ቁጠሩ። ትንሽ ልጅ አለ? ከአገር ቤት የመጡ እናት አሉ? ውሻ አለ? ቀጥሎ ታድራላችሁ ወይስ ማታውኑ ትመለሳላችሁ? ሦስተኛው ብዙ ሰው ለመጠየቅ የሚያፍረው ነው፦ ሽንት ቤትና ሻወር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ቀን ጨውና አሸዋ ተቀብታችሁ ማታ የሚጠብቃችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ መሆኑን እዚያ ደርሶ ማወቅ ትዳር ይፈትናል።

ክፍያው ደግሞ አንዱ ጋ በመኪና ነው፤ ሌላው ጋ በራስ ይቆጠራል። አምስትና ስድስት ሆናችሁ ስትሄዱ ይሄ ልዩነት ያመጣል። በመጨረሻ የምትፈልጉት ምንድነው? መዋኘት፣ ወፍ ማየት፣ ብስክሌት መንዳት፣ ወይስ ዝም ብሎ መተኛት?

የሜሪላንዱ ብሔራዊ ባሕር ዳርቻ

ለኔ አሳቲግ ማለት ይሄኛው ነው። ሳልደብቅ ልናገር፣ አድልዎ አለብኝ።

በ50 ቁጥር መንገድ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግራችሁ በርሊን የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፋችሁ ትገባላችሁ። ድልድዩን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለመሻገር አትሞክሩ። መግቢያው ለአንድ መኪና 25 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን ያገለግላል። ካምፕ የምታደርጉ ከሆነ የማደሪያው ክፍያ ለብቻው ነው፤ መግቢያውን አይጨምርም። ለሁሉም የፌዴራል ፓርኮች የሚሆነው የ80 ዶላር ዓመታዊ ካርድ እዚህ ይሠራል። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ብር አታውጡ። ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጥ ነጻ ካርድ አለ፤ ቤተሰቡን ከነመኪናው ያስገባል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ወላጅ ብዛቱ ይገርመኛል።

ካምፑ ሁለት ነው። አንዱ በውቅያኖሱ በኩል፣ ሌላው በሰላጤው በኩል። በሰመር የውቅያኖሱን ያዙ። የሰላጤው በኩል ፀሐይ ስትጠልቅ ያምራል፣ ግን ከረግረጉ የሚነሳው ቢምቢ ሰው ይበላል። ነፋስ ካለ ጥሩ፤ ነፋሱ ሲቆም ወደ መኪና መሮጥ ነው። ከቢምቢው ሌላ የሚናከስ ዝንብ አለ። ሣር ውስጥ ከገባችሁ መዥገርም አለ። ማታ የልጆቹን ጉልበትና ብብት እያያችሁ አስተኟቸው።

ሽንት ቤቱ ውኃ የለውም። ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው። ምግብ የሚሸጥ የለም። ጥላ የሚባል ነገር ከራሳችሁ ድንኳን ሌላ አትጠብቁ። ካስማው ደግሞ የአሸዋ፣ ረዥሙ መሆን አለበት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ድንኳኑ አብሮት በመጣው አጭር ካስማ ተክዬ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ባለቤቴ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ስንታገል አድረናል።

ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ለምን እዚህ እመላለሳለሁ? ፈረሶቹ እዚህ አጥር የላቸውም። ቁርስ እያፈላችሁ አጠገባችሁ ያልፋሉ። ባሕሩ ዳር ቆመው ከዝንቡ ለመሸሽ ነፋስ ይቀበላሉ። ሕጉ 40 ጫማ ራቁ ይላል፤ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ያህል ነው። መንካትና ማብላት ክልክል ነው። እናንተ ብትርቁም እነሱ ይመጣሉ።

አንድ ኦገስት ከጎናችን ያሉ ወጣቶች ኩለራቸውን ጠረጴዛ ሥር ትተው ሊዋኙ ሄዱ። አንድ ቡናማና ነጭ ፈረስ ቀስ ብሎ መጣ። ክዳኑን በአፍንጫው ወደ ላይ ገፋው። አልተከፈተም። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ተከፈተ። በረዶውን በከንፈሩ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ዳቦውን ከነፌስታሉ ጎትቶ አወጣው። እኛ ከሩቅ ቆመን "ሂድ! ሂድ!" እያልን ከመጮህ ሌላ ምን እናድርግ? በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሞከርን። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን በልቤ የራሳችንን ኩለር መኪና ውስጥ መቆለፌን እያስታወስኩ ነበር፤ ዶሮ ወጥ ነበረበት።

ነገሩ ለፈረሶቹም አያምርም። በ2022 ቺፕ የሚባል አንድ ወንድ ፈረስ የካምፖችን ምግብ ለምዶ ሰው ላይ አደጋ መሆን ጀመረ። ከደሴቲቱ ተነስቶ ቴክሳስ ወደሚገኝ የእንስሳት መጠለያ ተወሰደ። ሰው ያስለመደውን እሱ ከፈለ።

የሜሪላንዱ መንጋ ከ80 እስከ 100 እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ደሴቲቱ ከዚያ በላይ አትችልም። ከ1994 ጀምሮ ለሴቶቹ በርቀት የሚወረወር የወሊድ መቆጣጠሪያ ክትባት ይሰጣል። ፈረሶቹ ከሰመጠ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው የሚል ተረት ትሰማላችሁ። የበለጠ የሚታመነው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዋናው መሬት ሰዎች የአጥር ሕግና የከብት ግብር ለመሸሽ ወደ ደሴቲቱ ያመጧቸው ናቸው የሚለው ነው። ግብር ሽሽት ነው ነገሩ።

አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ ጎማውን አስተንፍሶ በአሸዋው ላይ መንዳት ይችላል። ዓሣ ለማጥመድ ለሚወጣ ጥሩ ነው። ለሌላው ሰው ፈቃዱ ብር ማባከን ነው።

ስቴት ፓርኩ

በዚያው በሰሜኑ ድልድይ ነው የሚገባው። ከድልድዩ እንደወረዳችሁ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ብሔራዊውን ፈልገው ሳያውቁ እዚህ የሚገቡ አሉ። 2 ማይል ገደማ የውቅያኖስ ዳርቻ አለው። ሜሪላንድ ካሏት ስቴት ፓርኮች ውቅያኖስ ዳር ያለው ይሄ ብቻ ነው።

ባጭሩ ሙቅ ሻወር አለው። ውኃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት አለው። መክሰስና የካምፕ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ አለው። 350 ያህል የካምፕ ቦታ ስላለው ሰው ይበዛበታል፤ የጎረቤታችሁን ሙዚቃ መስማታችሁ አይቀርም። ፈረሶቹ እዚህም ይዘዋወራሉ። ካምፑ የሚከፈተው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነው።

በሰመር የቀን መግቢያው በራስ ይቆጠራል። የሜሪላንድ ነዋሪ ትንሽ ይቀንስለታል። የፌዴራሉ ካርድ አይሠራም፣ የአራተኛ ክፍሉም እንዲሁ። ለሁለት ሰው ርካሽ ነው። ለሰባት ሰው ስታሰሉት ከብሔራዊው የመኪና ክፍያ ይበልጣል። ውሻ የሚገባው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ስትይዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሺንኮቲግ የዱር እንስሳት መጠለያ

ስሙ ግራ ያጋባል። ሺንኮቲግ የምትባል ሌላ ደሴት አለች፤ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ አይስክሬሙ ያለባት ከተማ ናት። መጠለያው ግን በአብዛኛው ያለው አሳቲግ ላይ፣ በቨርጂኒያው ጫፍ ነው። ከከተማዋ ድልድይ ተሻግራችሁ ትገባላችሁ። መጠለያው ከ14 ሺህ ኤከር በላይ ነው። በ1943 የተቋቋመው ለተሰዳጅ ወፎች ነው፣ በተለይም ስኖው ጉስ ለሚባለው ነጭ ዝይ። ሰው እዚህ እንግዳ ነው፤ ሕጉ የጠበቀውም ለዚህ ነው። ካምፕ የለም። ውሻ የለም። ማታ በሩ ይዘጋል። የቀን መግቢያው ለመኪና 10 ዶላር ነው፤ የ80 ዶላሩ ካርድ ይሠራል።

ወፍ ለሚወድ ሰው ሌሎቹ ሁለቱ ከዚህ ጋር አይወዳደሩም። 3.2 ማይል የሚዞር ጠፍጣፋ መንገድ አለ። እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ የእግረኛና የብስክሌት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መኪና ይፈቀዳል። ጠዋት ልጆቹን በብስክሌት፣ ማታ አያትን በመኪና ማዞር ይቻላል ማለት ነው። ሳቢሳው ውኃው ውስጥ አንድ እግሩን ሰቅሎ ቆሞ ታዩታላችሁ። ኖቬምበርና ዲሴምበር ከሄዳችሁ ነጮቹ ዝይዎች በሺዎች ሆነው ይነሳሉ፤ ድምፃቸው ጆሮ ይሞላል።

ጫካው ውስጥ ዴልማርቫ ፎክስ ስኩዊረል የሚባል ደለብ ያለ፣ ግራጫ ስኩዊረል አለ። በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ገባ፤ በ2015 አገግሞ ወጣ። ቀይና ነጭ ቀለበት ያለው፣ 142 ጫማ የሚረዝም የመርከብ መብራት ማማም አለ። የተሠራው በ1867 ነው።

ፈረሶቹ ግን እዚህ በሰፊ አጥር ውስጥ ናቸው። ከመንገድ ላይ ወይም ጫካው ውስጥ ካለው ማያ ቦታ ነው የምታዩት። ባይኖኩላር ከሌላችሁ ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ። የመንጋው ባለቤት የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ቡድን ነው፤ እስከ 150 አዋቂ ፈረስ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ገደማ፣ ረቡዕ ቀን ፈረሶቹን ባሕሩን አሻግረው ያዋኙና በማግሥቱ ግልገሎቹን በጨረታ ይሸጣሉ። ከ1925 ጀምሮ የእሳት አደጋ መኪና የሚገዙት በዚህ ገንዘብ ነው። ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ሕፃን ይዞ መሄድ አልመክርም። አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ያየሁት የሰው ማጅራት ነው።

የመዋኛ ዳርቻውን እዚህም የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ነው። ባሕሩ መሬቱን እየበላ ስለሚመጣ ፓርኪንጉ በአስፋልት ፈንታ በሸክላ አፈርና በዛጎል ነው የሚሠራው፤ ማዕበል ሲወስደው እንደገና ይደለድሉታል። ደቡባዊው ጫፍ ከማርች 15 እስከ ኦገስት 31 ይዘጋል። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል አሸዋ የምትመስል ትንሽ ወፍ እዚያ መሬት ላይ ስለምትፈለፍል ነው። ገመዱን አትለፉ። እንቁላሉ በእግር ሲረገጥ እንኳ አይታይም።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መመዘኛ | ብሔራዊው (ሜሪላንድ) | ስቴት ፓርኩ (ሜሪላንድ) | ሺንኮቲግ (ቨርጂኒያ) |
|---|---|---|---|
| መግቢያ | በመኪና፣ 25 ዶላር ለ7 ቀን | በሰመር በራስ | በመኪና፣ 10 ዶላር ለቀን |
| የፌዴራል ካርድ | ይሠራል | አይሠራም | ይሠራል |
| ማደር | ድንኳን፣ ዓመቱን ሙሉ | ድንኳን፣ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር | አይቻልም፤ ሆቴል ከተማው ውስጥ |
| ሻወር | ቀዝቃዛ | ሙቅ | ሆቴላችሁ |
| ፈረስ | ደጃፋችሁ ድረስ | ደጃፋችሁ ድረስ | ከሩቅ |
| ውሻ | በማሰሪያ ይገባል | በተወሰነ ቦታ | መኪና ውስጥም አይገባም |
| ወፍ | መጠነኛ | መጠነኛ | በጣም ጥሩ |
| ምግብ | የለም | መክሰስ | ከተማው ቅርብ ነው |

ለማን የቱ?

እናትህ ከአዲስ አበባ መጥተው ባሕር ላሳያቸው ካልክ፣ ሺንኮቲግ ውሰዳቸው። አልጋ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ቡናቸውን ጠጥተው ይወጣሉ። ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ መራመድ ለሚከብዳቸው ዳርቻውን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሰፊ ጎማ ያለው ዊልቸር በነጻ ያውሳል። በድንኳን እንዲያድሩ አታድርግ። "ምን አጠፋሁ?" ይሉሃል።

ልጆች ያሏችሁና ካምፕ አድርጋችሁ የማታውቁ፣ በስቴት ፓርኩ ጀምሩ። ሙቁ ሻወር ብቻውን ይበቃል። በሁለተኛው ዓመት ወደ ብሔራዊው ትሻገራላችሁ። ውሻ ያላችሁ ቀላሉ ምርጫችሁ ብሔራዊው ነው። እጃችሁ አጠር ያለና ብዙ ሆናችሁ የምትሄዱም እንዲሁ፤ በአንድ ሚኒቫን ሰባት ሰው በ25 ዶላር ይገባል። ከመኪና ኪራይና ከቤንዚን ቀጥሎ ትልቁ ወጪያችሁ ሥጋው ይሆናል።

ጥንዶች ወይም ፎቶ የምታነሱ፣ ከሌበር ዴይ በኋላ ሂዱ። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ባሕሩ ገና ይሞቃል፣ ሰው ይቀንሳል። ቢምቢው ግን ኦክቶበር ካልገባ አይለቅም። ለሰርግ ቪዲዮ ድሮን ይዘን እንሂድ የምትሉ፣ በብሔራዊውም በመጠለያውም ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው።

የትም ብትሄዱ የባሕር ጠባቂ ባለበት ክልል ብቻ ዋኙ። አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ሞገዱ ወደ ውስጥ ሲጎትት ወደ ዳርቻው በቀጥታ መታገል ያደክማል። መጀመሪያ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጉተታው መውጣት ነው። ይህንን ለልጆቹ መኪና ውስጥ እያላችሁ ንገሯቸው። ውኃውን ካዩ በኋላ አይሰሙም።

ሦስት ሰዓት መንዳት ካልሆነላችሁ ዲሲ አጠገብ ፖቶማክ ወንዝ ላይ የቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት አለች። 88 ኤከር ተኩል ናት። ነጻ ናት፣ ውሻ በማሰሪያ ይገባል፣ ብስክሌት አይገባም። በአርሊንግተን በኩል በእግረኛ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ፓርኪንጉ ግን የሚገኘው በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ሰሜን በሚሄደው መስመር ብቻ ነው። በሌላው መስመር ከመጣችሁ እያያችሁት ታልፉታላችሁ። ባሕርም ፈረስም የለም፤ ለእሑድ ከሰዓት ግን ይበቃል።

የብሔራዊው ካምፕ የሚያዘው ከስድስት ወር በፊት ነው፤ የስቴት ፓርኩ ከአንድ ዓመት በፊት። የጁላይ ቅዳሜ ፈልጋችሁ ሜይ ላይ ብትገቡ ባዶ አታገኙም። እኔ የምይዘው ጥምቀት ሰሞን ነው፣ ውጭ በረዶ እየጣለ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።